ቀመሩን ሁሉ አትሸምድጂው!

«ቀን ቀን የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ሱቅ እሠራለሁ፤ ማታ እማራለሁ። የጂኦሜትሪ ቀመሮችን በአራት ገጽ ገልብጬ ሸምድጃለሁ። ደንበኛ መጥቶ ‹ለክፍሌ ስንት ሴራሚክ ይበቃኛል?› ሲለኝ ግን ሁሉም ይጠፋብኛል። አሠሪዬ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልቻልሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ ብሎኛል። ምን ትመክረኛለህ?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ አይዞሽ! እኔም ከ12ኛ ክፍል አልዘለልኩም፤ ለዚህ ምክር ግን ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። ችግሩ ያለው ወረቀትሽ ላይ ይመስለኛል። አራት ገጽ ለኪስም ለጭንቅላትም ይበዛል። ሥዕል የሌለው ቀመር ደግሞ ስም ያልተጻፈበት ስልክ ቁጥር ነው፤ የማን እንደሆነ ካላወቅሽ ምን ያደርግልሻል?

እንግዲያው አንድ ነጠላ ወረቀት አምጪና በሦስት ክፈይው፦ ዙሪያ፣ ስፋት፣ ይዘት። ዙሪያ አጥር ነው፤ በሜትር ይለካል። ስፋት ወለል ነው፤ በካሬ ሜትር። ይዘት ሮቶ ነው፤ በሜትር ኩብ። ደንበኛው የጠየቀሽ አጥር ነው፣ ወለል ነው ወይስ ሮቶ? ይህን ከለየሽ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ከስፋት ሥር ሬክታንግል ሥዪና «ርዝመት ሲባዛ በወርድ» ብለሽ ጻፊ። ሬክታንግሉን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ብትቆርጪው ሁለት እኩል ትሪያንግል ይወጣዋል። ስለዚህ የትሪያንግል ስፋት መሠረቱ በከፍታው ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል ነው። ፓራሌሎግራም ከሆነም ሹል ጫፉን ቆርጠሽ በሌላው በኩል ብትገጥሚው ሬክታንግል ይሆንልሻል፤ መሠረት ሲባዛ በከፍታ። ለትራፔዚየም ሁለቱን ትይዩ ጎኖች ደምሪ፣ ለሁለት አካፍዪ፣ በከፍታው አባዢ። አየሽ፣ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው!

ለክብ ፓይን 3.14 ብለሽ ያዢ። ዙሪያው ፓይ ሲባዛ በዲያሜትር ነው። ስፋቱ ደግሞ ፓይ ሲባዛ በራዲየስ፣ እንደገና ሲባዛ በራዲየስ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ከዳር እስከ ዳር የለካሽው ዲያሜትሩን ነው፤ ለስፋት ግማሹን ውሰጂ። ካልገመስሽው መልሱ አራት እጥፍ ይሆንብሻል።

ወደ ይዘት ስንመጣ፣ ሲሊንደር የወለሉ ስፋት ሲባዛ በከፍታው ነው። በዚያው ወለልና ከፍታ የተሠራ ኮን የሲሊንደሩን አንድ ሦስተኛ ይይዛል። ኳስ ደግሞ ልክክ ብላ የምትገባበትን ሲሊንደር ሁለት ሦስተኛ ትይዛለች። ይህን ያረጋገጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን የኖረው አርኪሜዲስ ነው። ስለዚህ ኮን 1፣ ኳስ 2፣ ሲሊንደር 3 ብለሽ ያዢው።

ፓይታጎረስንም አትርሺ። ግንበኞች ጥግ ሲያወጡ በአንዱ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ይለካሉ፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው 5 ሜትር ከመጣ ጥጉ ልክ ነው። 9 ሲደመር 16፣ 25 ማለት ይኸው ነው።

በየቀመሩ አጠገብ ከሱቅሽ አንድ ምሳሌ ጻፊ። ክፍሏ 4 ሜትር በ3.5 ብትሆን 14 ካሬ ሜትር ናት። ሴራሚኩ 40 በ40 ሴንቲ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ሜትር ለውጪው፤ 0.4 ሲባዛ በ0.4፣ 0.16 ካሬ ይሆናል። 14ን ለ0.16 ስታካፍዪ 87.5 ይመጣል፤ 88 በዪው። ለስባሪና ለቁራጭ 10 በመቶ ብትጨምሪ 97 ገደማ ይሆናል። ዲያሜትሩ 1 ሜትር፣ ከፍታው 1.3 ሜትር የሆነ ሮቶስ? 3.14 ሲባዛ በ0.25፣ ሲባዛ በ1.3፤ 1.02 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሜትር ኩብ 1000 ሊትር ስለሆነ 1020 ሊትር ይይዛል ማለት ነው።

ሱቅ ውስጥ ወረቀቱን እያየሽ ብትመልሺ ነውር የለውም። ደንበኛው የሚፈልገው ትክክለኛውን ቁጥር ነው፤ ለአሠሪሽም ይህንኑ በግልጽ ንገሪው። ፈተና ላይ ግን ወረቀቱ አብሮሽ አይገባም። ስለዚህ በየሦስት ቀኑ ባዶ ወረቀት ይዘሽ ሥዕሎቹን ሥዪና ቀመሮቹን ራስሽ አውጪያቸው። አንዱ ቢጠፋሽ ሬክታንግሉን ቆርጠሽ ታገኚዋለሽ።

እናንተም አንባቢዎች፣ የሌላ ሰው ዝርዝር በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አትቀመጡ። በእጃችሁ ጻፉት። አንቺም የወሩ መጨረሻ ሳይደርስ ዛሬ ማታ ጀምሪ። ይቅናሽ!