የቪዲዮ ጌም ለካንሰር ተሃድሶ፦ በአዳማ ሊፈተን የሚገባው ምንድን ነው?

ቀዶ ጥገናው፣ ኬሞቴራፒውና ጨረሩ መጠናቀቃቸው ለካንሰር ታካሚ የችግሩ ማብቂያ አይደለም። ከጡት ቀዶ ጥገና በኋላ ትከሻ ሊተሳሰር፣ ክንድ ሊያብጥ ይችላል፤ ዕረፍት የማያስወግደው ድካምም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይዘልቃል። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያውያን ሴቶች ዘንድ በብዛት የሚታየው ካንሰር በመሆኑ ጉዳዩ የጥቂቶች ብቻ ሊባል አይችልም። ከመቂ ወይም ከባቱ ወደ አዳማና አዲስ አበባ እየተመላለሰች የታከመች ሴት፣ ለፊዚዮቴራፒ ብቻ በየሳምንቱ የመጓጓዣ ወጪ እንድትችል መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ተሃድሶው ቤቷ ድረስ መድረስ አለበት።

ምን መደረግ እንዳለበት በአመዛኙ ይታወቃል። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ የመራው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ በሳምንት 3 ጊዜ ለ30 ደቂቃ የሚሠራ መካከለኛ እንቅስቃሴ ድካምን፣ ጭንቀትንና ድብርትን እንደሚቀንስ አመልክቷል። አስቸጋሪው ይህንን ለ8 ወይም ለ12 ሳምንታት ሳያቋርጡ መሥራት ነው። ሰውነትን በማንቀሳቀስ የሚጫወቱት ቪዲዮ ጌም ተስፋ የተጣለበትም እዚህ ላይ ነው፤ ተጫዋቿ እንቅስቃሴዋን በስክሪን ታያለች፣ ነጥብ ትሰበስባለች፣ የትናንቱን ውጤቷን ለማሻሻል ትነሣለች።

ይሁን እንጂ መሣሪያውን ከውጭ ገዝቶ ማምጣት ዘላቂ መንገድ አይመስልም። በተሃድሶ ጥናቶች በስፋት ያገለገለው የማይክሮሶፍት ኪኔክት እ.ኤ.አ. በ2010 ገበያ ላይ ውሎ በ2017 ምርቱ ተቋርጧል። ዛሬ የስማርት ስልክ ካሜራ ብቻውን የመገጣጠሚያዎችን እንቅስቃሴ መከታተል ይችላል። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶችና የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ሐኪሞች በአንድ ከተማ ይገኛሉ፤ መመሪያውን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚሰጥ ጌም በጋራ ሊሠሩ ይችላሉ። እስክስታን የመሰለ የትከሻ ጭፈራ ለመነሻ ቢጋብዝም፣ ክንድን ከራስ በላይ የማንሣትን ልምምድ ስለማይተካ ንድፉ በፊዚዮቴራፒስት መመራት ይኖርበታል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ፓክሊታክሴልን የመሰሉ መድኃኒቶች እግርን ሊያደነዝዙ ስለሚችሉ ፈጣን መዞር ለመውደቅ ያጋልጣል፤ ዶክሶሩቢሲን ልብን ሊጎዳ ይችላል፤ ካንሰሩ ወደ አጥንት የተዛመተባት ታካሚ ደግሞ ለስብራት የተጋለጠች ናት። ከመጀመር በፊት የሐኪም ምርመራ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ከሁሉም በላይ ወሳኙ የንጽጽሩ ጉዳይ ነው። በዘርፉ የተሠሩት ጥናቶች በአብዛኛው ጥቂት ሰዎችን ያሳተፉና አጭር ጊዜ የቆዩ ናቸው። ጌሙን ምንም ካልተደረገለት ቡድን ጋር ማነጻጸር፣ ጥቅሙ ከጌሙ ይሁን ታካሚዋ ካገኘችው ትኩረት አይለይም። ትክክለኛው ተፎካካሪ የአዳማ ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ የሚደረግ፣ በስልክ ጥሪ ክትትል የታገዘ የእግር ጉዞ ነው። መለኪያዎቹም በ12ኛው ሳምንት የቀጠሉት ሰዎች ብዛት፣ በ6 ደቂቃ የተጓዙት ርቀትና የትከሻ የመንቀሳቀስ ስፋት ቢሆኑ ይመረጣል። ስማርት ስልክ የሌላቸው ታካሚዎችም ከጥናቱ መገለል የለባቸውም፤ ካለዚያ ውጤቱ የከተማውን ባለ አቅም ብቻ ይገልጻል።

ጌሙ ከእግር ጉዞው ካልበለጠ ሊተው ይገባል። የ30 ደቂቃው እንቅስቃሴ ግን የጥናቱን ውጤት ሳይጠብቅ፣ ከመድኃኒቱ ጎን በታካሚዋ የመውጫ ወረቀት ላይ ሊታዘዝ ይችላል።