የወደቡ ፍተሻ መልስ ያለው በርበሬው ከሚሰጣበት ቦታ ነው

በበርበሬ አምራች አካባቢዎቻችን የደረቀ በርበሬ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ውሃ የሚረጭበት ልማድ አለ። ምክንያቱ ሁለት ነው። ዛላው ሲታጨቅ እንዳይሰባበር ይረዳል፤ ሚዛንም ያነሣል። በዚያች ዕለት ሻጩ ጥቂት ብር ያተርፍ ይሆናል። እርጥበቱ ግን በማዳበሪያ ውስጥ ታፍኖ ሻጋታ ያፈራል፤ አንዳንዱ ሻጋታ ደግሞ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ያመነጫል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ በ2019 ያወጣው ደንብ ቁጥር 2019/1793 ከኢትዮጵያ የሚገቡ በርበሬ፣ ዝንጅብል፣ እርድና ሌሎች ቅመማ ቅመሞችን በአፍላቶክሲን ምክንያት ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ምርቶች መካከል አስፍሯቸዋል። ደንቡ ሲወጣ ከሚደርሱት ጭነቶች ግማሽ ያህሉ ናሙና እየተወሰደ እንዲመረመር አዟል። ለቅመማ ቅመም የተቀመጠው ጣሪያ በአንድ ኪሎ ግራም 10 ማይክሮ ግራም ጠቅላላ አፍላቶክሲን ነው። ይህን ወደ ኩንታል ብንመነዝረው፣ በአንድ ኩንታል በርበሬ ውስጥ አንድ ሚሊ ግራም መርዝ ማለት ነው። በዓይን አይታይም፤ በአፍም አይለይም።

መርዙ በጭነቱ ውስጥ እኩል አይሰራጭም። ጥቂት የሻገቱ ዛላዎች ከብዙ አርሶ አደሮች የተሰበሰበን ጭነት ሊያስጥሉ ይችላሉ። በንጹሕ ሸራ ያደረቀውም መሬት ላይ ያሰጣውም አብረው ይወድቃሉ። ላኪው የምርመራውንና የመጋዘኑን ወጪ ከሚከፍለው ዋጋ ላይ ስለሚቀንስ፣ ዕዳው ዞሮ ዞሮ አርሶ አደሩ ዘንድ ይደርሳል።

የጎረቤት አገር ተሞክሮ ጉዳዩን ይበልጥ ያብራራዋል። ኬንያ እ.ኤ.አ በማርች 2021 ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ የሚገባ በቆሎን በዚሁ መርዝ ምክንያት በድንገት አገደች። ከቀናት በኋላ እገዳው ተነሥቶ በቅድመ ሁኔታ ተተካ። አስመጪው እንዲመዘገብ፣ በቆሎው የበቀለበትን ቦታ የሚገልጽ ማስረጃ እንዲቀርብና የመርዙ መጠን ከ10 ማይክሮ ግራም በታች መሆኑ በምስክር ወረቀት እንዲረጋገጥ ተደረገ። ሁለተኛው መንገድ የተሻለ ነው፤ ንጹሕ ምርት ያለውን ከሌለው ይለያልና። ይሁን እንጂ በዚያችው ኬንያ እ.ኤ.አ በ2004 በአፍላቶክሲን ከታመሙት 317 ሰዎች 125ቱ ሲሞቱ፣ ዋናው መንሥኤ እዚያው ተመርቶ በእርጥበት የተከማቸ በቆሎ ነበር። ከውጭ በሚገባ እህል ላይ የሚደረግ ቁጥጥር በቤት ጎተራ ያለውን መርዝ አይከለክልም።

ለእኛም ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ለውጭ ገበያ የማይሆን በርበሬ ተፈጭቶ የእኛው ወጥ ውስጥ ከገባ ችግሩ ቦታ ለወጠ እንጂ አልተፈታም። መርዙ ሙቀትን ስለሚቋቋም በማቁላላትም ሆነ በመቀቀል ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል። የሻገተውን ለከብት መስጠትም መፍትሔ አይደለም፤ የተበከለ ፋጉሎ ወይም እህል የበላች ላም መርዙን በወተቷ ታወጣዋለች።

አርሶ አደሩ ሊያደርገው የሚችለው ከአቅሙ በላይ አይደለም። የተሰበረና በተባይ የተበላ ዛላ በለቀማ ጊዜ ይለይ። በርበሬው በሸራ ወይም ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይሰጣ፤ ማታ ከጤዛ ይሸፈን። ሲወዘወዝ ፍሬው እስኪንሿሿ ድረስ ይድረቅ። ውሃ ፈጽሞ አይረጭበት። በቆሎ ከሆነ ጥቂት እህል ከደረቅ ጨው ጋር በደረቅ ጠርሙስ አድርጎ መወዝወዝና ጥቂት መጠበቅ ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና አልደረቀም። በሚገባ የደረቀውን አየር በማያስገባ ከረጢት ማስቀመጥ ይጠቅማል።

ምክር ብቻውን ግን ሚዛንን አያሸንፍም። ውሃ የተረጨውና ደረቁ በርበሬ በአንድ ዋጋ እስከተገዙ ድረስ ደረቁን ያቀረበው አርሶ አደር ከሳሪ ነው። ስለዚህ የወረዳ ግብርና እና ንግድ ጽሕፈት ቤቶች ከመኸር በፊት ተቀምጠው ሊወስኑ የሚገባቸው ጉዳዮች አሉ። ኅብረት ሥራ ማኅበራት እርጥበት መለኪያ ይዘው በደረጃ ይግዙ። የእያንዳንዱ ቀበሌ ምርት ተለይቶ ይመዝገብ፤ አንድ ጭነት ቢወድቅ ችግሩ ከየት እንደመጣ ይታወቃልና። በገበያ ቀን ውሃ የሚረጩ ነጋዴዎች ላይ ቁጥጥር ይደረግ፤ ተጠያቂነቱ በአርሶ አደሩ ላይ ብቻ አይውደቅ።

የአውሮፓው ዝርዝር ቢያንስ በየስድስት ወሩ ይከለሳል። በተከታታይ ንጹሕ ጭነት ከደረሰ ፍተሻው ሊቀንስ፣ ጉድለቱ ከቀጠለ ደግሞ ሊጠብቅ ይችላል። ውጤቱን የሚወስነው ሥራ ግን ወደብ ላይ ሳይሆን ዘንድሮ በየደጃፋችን በርበሬ በምናሰጣበት ሸራ ላይ የሚሠራ ነው።