ሽፋኑን መልሱ

መምህር ያዘጋጀውን ሞጁል ስሙን ፍቆ በቴሌግራም የሚለቅ ሰው «ተማሪ ረዳሁ» ቢለኝ አልሰማውም። ተማሪ የሚረዳ ሰው የመጀመሪያውን ገጽ አይቆርጥም።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጀሞ እስከ ለቡ፣ ከመካኒሳ እስከ ጎፋ፣ ኮሌጅ ባለበት ኮፒ ቤት አይጠፋም። ከኮፒ ቤቶቹ ጋር ጠብ የለኝም። አንድ የውጭ መማሪያ መጽሐፍ የመምህሩን የወር ደመወዝ በሚፈታተንበት አገር፣ ምዕራፍ ኮፒ ያስደረገን ተማሪ ሌባ የሚል ይፈር። ሕጉም ከተማሪው ጋር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 11፣ የታተመ ሥራ ለማስተማር ሲባዛ ባለመብቱ እንዳይከለክል ይደነግጋል፤ ከልክና ከዓላማው እስካላለፈ ድረስ። በምላሹ የጠየቀው ምንጩ፣ በተቻለ መጠንም የደራሲው ስም እንዲጠቀስ ነው። ይህችን እንኳ ነፈግን!

ለአንድ ክፍል ተማሪዎቼ የላክሁት ሞጁል ሽፋኑ ወልቆ፣ የማላውቀው ቻናል ስም በየገጹ ተደርቦበት ሲሸጥ አገኘሁት። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ ከመጣ ወዲህ የጨነቀው ተማሪ ብዙ ነው፤ መምህሩ በነፃ የሰጠውን በቴሌብር ከፍሎ ይገዛል። እኔም እሱም ተዘረፍን።

ለመሆኑ እኛ መምህራንስ? ከሰው መጽሐፍ ሦስት ምዕራፍ ገልብጦ፣ ሽፋኑ ላይ «አዘጋጅ» ብሎ የራሱን ስም ከነማዕረጉ የሚያሳትም በመካከላችን አለ። ተማሪው ስም መፋቅን ከማን ተማረ?

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የዩኒቨርሲቲዎች ዝምታ ነው። በአዋጁ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ተቀጣሪ በሥራው ላይ ያዘጋጀው ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ የቀጣሪው ነው። መምህሩ ሞጁሉን ለሕዝብ ልልቀቅ ቢል ፈቃጁ ተቋሙ ነው ማለት ነው። ተቋሙ ደግሞ አይፈቅድም፣ አይከለክልም። ጨዋው መምህር ፈርቶ ሲያስቀምጥ ደፋሩ ይቸበችባል። ደራሲነቱን የማሳወቅ መብት ግን የኢኮኖሚ መብቱ የማንም ቢሆን የደራሲው ነው፤ ፕሬዚዳንትም ዲንም የቻናል ባለቤትም አይወስደውም።

ሴኔቶች ሆይ፣ ወስኑ! በመንግሥት ደመወዝ የተዘጋጀ ማስተማሪያ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነፃ ይለቀቅ፤ የአዘጋጁ ስም ይኑርበት፤ መሸጥ ይከልከል። ከሌላ ሰው መጽሐፍ የተወሰደው ምዕራፍ ለተመዘገቡት ተማሪዎች ብቻ በይለፍ ቃል ይቀመጥ፤ ለአንድ ክፍል ልክ የሆነው ለመላው ዓለም ሲለቀቅ ልክ መሆኑ ያበቃል።

የቻናል ባለቤቶች፣ ፋይሉን አጥፉ አልላችሁም። ዋጋውን አንሱ፣ የቆረጣችሁትን ሽፋን መልሱ።