የባለሱቁ ኑዛዜና የጌቶች ትምህርት ቤት

ሰሞኑን ከምሳ በኋላ በተነሣ ክርክር አንድ ወዳጃችን፣ የትምህርት ቤት ምሳሌ ከተፈለገ እንግሊዝ አገር ያለው ራግቢ አለላችሁ፤ ከ450 ዓመት በላይ ቆሞ ሰው ሲያፈራ የኖረ፣ የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ እንኳ ዘርና ቀለም ሳይለይ ተቀብሎ ያስተማረ ነው ብሎ አፋችንን አስያዘን። እኔም ነገሩን ሳብሰለስለው አድሬ፣ እንዲሁ መታለፍ የለበትም ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። ለመሆኑ ዕድሜ ብቻውን ያስመሰግናል እንዴ? ዋርካም ያረጃል፣ ቅሚያም ያረጃል። መጠየቅ ያለበት፣ ትምህርት ቤቱ ለማን ተሠርቶ ማን ገባበት የሚለው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መሥራቹ ጌታ አልነበረም። ሎሬንስ ሸሪፍ የሚባል፣ ለንደን ገብቶ የከበረ፣ ለቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ቤተ መንግሥት ሸቀጥና ቅመም የሚያቀርብ ባለሱቅ ነበር። በ1567 ሲሞት፣ የራግቢና የጎረቤቷ የብራውንስኦቨር ልጆች በነፃ ይማሩበት ብሎ ርስት ተናዘዘ። ከተናዘዘውም ውስጥ ያኔ ከለንደን ውጭ የነበረ የአንድ ግጦሽ መሬት ሲሶ ይገኝበታል።

እንግዲህ ጣጣውን ያመጣው ይኸው ሲሶ ነው። ለንደን እየሰፋች ሄደችና ከብት ይግጥበት የነበረው ሜዳ ቤት ተሠራበት፤ ኪራዩም ናረ። ድሀው ትምህርት ቤት ባለጸጋ ሆነ። ሀብት ሲመጣ ደግሞ ዘመድ ይበዛል! ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ ከሩቅ የመጡ፣ እየከፈሉ የሚያድሩ የባለጸጎች ልጆች ግቢውን ሞሉት። በ1797 ተማሪዎቹ ዐምፀው የርእሰ መምህሩን በር በባሩድ እስከ ማፈንዳት ደርሰው፣ ነገሩ የበረደው ወታደር ተጠርቶ ነው። እንዲህ ያደረገው የመንደሩ ድሀ ቢሆን ኖሮ ምን ይጠብቀው እንደነበር እናንተው ገምቱት።

በ1828 ቶማስ አርኖልድ ርእሰ መምህር ሆኖ መጣ። ሥነ ምግባርን ያስተማረ ታላቅ መምህር ተብሎ እስከ ዛሬ ይወደሳል፤ ውዳሴው ሁሉ ሐሰት ነው አልልም። ዳሩ ግን የታችኛዎቹ ክፍሎች እንዲመናመኑ ያደረገ እርሱ ነው። የድሀው ልጅ መግቢያ ደግሞ በእነዚያ ክፍሎች በኩል ነበር። አስጠኚ ተቀጥሮለት ላቲን ያልተማረ የእጅ ባለሙያ ልጅ ከላይኛው ክፍል በምን ተንጠላጥሎ ይግባ? በሩማ ክፍት ነው፤ መሰላሉ ግን ተነሥቷል።

ዋናው ነገር የመጣው በ1868 ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ ራግቢን ጨምሮ ሰባት ትምህርት ቤቶችን የሚመለከት «የፐብሊክ ስኩሎች ሕግ» አጸደቀ። ሕጉ አዲስ የአስተዳደር ቦርድ አቋቋመላቸው፤ የጥንቱ ደንብ የሚለወጥበትንም መንገድ ጠረገ። «ፐብሊክ» እኮ የሕዝብ ማለት ነው! ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ዥግራ ይሏታል የተባለው ለዚህ ይሆን? በ1878 ለከተማው ልጆች በሸሪፍ ስም ሌላ «የታችኛ» ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው። በዋናው ግቢ የቀረላቸው ጥቂት የነፃ ትምህርት ዕድል ነው። የባለሱቁ ስም ለድሆቹ፣ ርስቱ ለጌቶቹ ደረሰ ማለት ነው።

አሁን ወደ ልዑል ዓለማየሁ ልምጣ። 1868 ለእኛም የማይረሳ ዓመት ነው፤ መቅደላ የወደቀችበት። ያው ፓርላማ ወጪውን በፈቀደለት ዘመቻ የሰባት ዓመቱ ልጅ ከአገሩ ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በጉዞው ላይ አረፉ። ራግቢ የገባው በ1874 ነው። «ተቀበለው» እንላለን። ወዶ ሄደ እንዴ? በ1879፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ሊድስ ከተማ ታሞ ሞተና ዊንዘር ተቀበረ። አጽሙ ለአገሩ ይብቃ ተብሎ የቀረበውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 አልቀበልም ብሏል። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ ዓመት ውስጥ አንደኛው እጅ ልጁን ከአገሩ ወሰደ፣ ሌላኛው እጅ ትምህርት ቤቱን ከልጆቹ ወሰደ። ሁለቱም እጆች የአንድ ሰውነት ናቸው።

ዛሬ እኮ ተለውጧል፣ ሴቶችንም ያስተምራል፣ ለችግረኛም በነፃ ይሰጣል የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን አዳሪ ተማሪ በዓመት ከ40,000 ፓውንድ በላይ በሚከፍልበት ግቢ ውስጥ ለጥቂቶች የሚቆረሰው እርጥባን ነው ወይስ ዕዳ? ሸሪፍ የተናዘዘው መብት ነበር። መብት ወደ ምጽዋት ሲለወጥ ባለርስቱ በገዛ ደጁ ቆሞ «ስለ ማርያም» ይላል።

ጓደኞቼ፣ ይህን የጻፍኩት እንግሊዝን ለመስደብ አይደለም። ባለሱቁም እንግሊዛዊ ነው፤ ለእርሱስ እጅ እነሣለሁ። የተነጠቁትም የራግቢ ልጆች እንግሊዛውያን ናቸው። ግን እኛም ነገ መምህር፣ ርእሰ መምህር፣ የትምህርት ቤት ቦርድ አባል እንሆናለን። ያን ጊዜ «ደረጃውን እናሳድግ» የሚል ያማረ ቃል ሲመጣ ከማጨብጨባችን በፊት፣ የትኛው ክፍል ሊዘጋ ነው? የማን ልጅ ሊቀር ነው? ብለን እንጠይቅ። ትምህርት ቤት በጠመንጃ ብቻ አይነጠቅም፤ በሕግም፣ በጥራት ስምም፣ ቀስ በቀስ ይነጠቃል። የሚነጥቁትም ሁልጊዜ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አንዳንዴ እንደ አርኖልድ ያሉ የተመሰገኑ መምህራን ናቸው። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ወዳጄ ሆይ፣ መልስ ካለህ የሚቀጥለው እትም ገጽ ክፍት ነው። መሰላሉንም አላነሣንብህም።