ለክንፍ ተጫዋቾቹም ስም ይሰጥ

ከሜክሲኮ በቀላል ባቡር ለገሃርን አልፌ ስታዲየም በወረድኩ ቁጥር አንድ ነገር ያበሳጨኛል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እዚሁ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ የነበሩት መንግሥቱ ወርቁና የቫሳሎ ወንድማማቾች ዛሬም ይወሳሉ። ይገባቸዋል! የክንፍ ተጫዋቹን ጌታቸው ወልዴን ግን ስንት ሰው ያውቀዋል? ግማሽ ፍጻሜው ላይ ቱኒዚያ መረብ ውስጥ ኳስ ያስቀመጠ ሰው ነው። በፍጻሜው 74ኛ ደቂቃ ላይ አቻ ያደረገን ደግሞ ግርማ ተክሌ ነበር። ግብፅ ወዲያው ዳግም መራች፤ ከቫሳሎ ወንድማማቾች አንዱ በ84ኛው ደቂቃ ሲያገባ 2 ለ 2 የሆነው በማን ጎል ላይ ተደምሮ ነው? የስታዲየሙ የተመልካች መቀመጫዎች ካታንጋና ሚስማር ተራ ስማቸውን ይያዙ፣ ማንም አይነካባቸው። ወደነሱ የሚያስገቡት በሮች ግን በጌታቸውና በግርማ ስም ይጠሩ።