ማዞሪያው ለማን ነው? ስለ ስፖርት መኪና ሾክ ምርጫ

ምክሬን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። መኪናችሁ ለመንገድ የምትነዱት ስፖርት መኪና ከሆነና ሾክ መቀየር ካሰባችሁ፣ ለአብዛኞቻችሁ የሚበጀው ጥሩ የማይስተካከል ሾክ ነው። ማዞሪያ ያለውን፣ ጠንከር ለቀቅ የሚደረገውን፣ ለሚያስፈልገው ሰው ተዉለት። ያ ሰው ማን እንደሆነ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ይህ ቻናል የፖለቲካና የኢኮኖሚ ጉዳይ የሚነሳበት ስለሆነ “ሾክ ደግሞ እዚህ ምን አገባው?” የምትሉ አትጠፉም። በገንዘብና በሕይወት በኩል ያገባዋል። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወጣቶቻችን በላባቸው ባጠራቀሙት ገንዘብ ያገለገለ ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ ሱባሩ ቢአርዜድ ወይም ሙስታንግ ሲገዙ አያለሁ። ደስ ይላል። ነገር ግን መኪናው ገና ስድስት ወር ሳይሞላው “ባለ 30 ክሊክ” የተባለ ኮይልኦቨር ይገጠምለታል፣ ማዞሪያው እስከ መጨረሻው ይጠብቃል፣ ከዚያም መኪናው በዝናብ ቀን ወደ አውራ ጎዳና መግቢያ ኩርባ ይላካል። የምጽፈው ለዚያ ኩርባ ነው።

በመጀመሪያ ሾክ ምን እንደሚሠራ እንግባባ። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። የድሮ መካኒኮቻችን አሞርዛተር የሚሉት ሾክ ይህ ነው የሚባል ክብደት አይሸከምም። ሥራው ሞላው ከተጨመቀ በኋላ እንደ ኳስ እየነጠረ እንዳይቀጥል ማርገብ ነው። ውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳዎችና ቫልቮች በኩል ሲገፋ፣ የንጥረቱ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። የዚህ ሁሉ ዓላማ ጎማው ከአስፋልቱ እንዳይለቅ ነው። ፍሬን የሚይዘውም መሪ የሚታዘዘውም ጎማው መንገዱን ሲረግጥ ብቻ ነውና።

ሾክ የሚሠራበት ፍጥነት ሁለት ዓይነት ነው። ኩርባ ስትይዙ መኪናው ወደ ጎን ሲያዘነብል፣ ፍሬን ስትይዙ አፍንጫው ሲደፋ፣ ፒስተኑ የሚንቀሳቀሰው በዝግታ ነው። ጉድጓድ ወይም የድልድይ መጋጠሚያ ስትመቱ ግን በኃይል ይወረወራል። ገበያ ላይ ባሉት በአብዛኞቹ ባለ አንድ ማዞሪያ ሾኮች ላይ፣ ማዞሪያው በዋናነት የሚነካው የዝግታውን ክፍል ነው። ስለዚህ “በሥራ ቀን አለሰልሰዋለሁ፣ ቅዳሜ አጠነክረዋለሁ” ብሎ የገዛ ሰው፣ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ቢለቀውም የቤልትዌይ ጉድጓድ ወገቡን መምታቱን አይተውም። ክረምቱ አልፎ በረዶው ሲቀልጥ አስፋልቱ እንዴት እንደሚፈነቃቀል እዚያ የሚኖር ያውቀዋል።

ሁለተኛው ነጥብ ሒሳብ ነው። አይርዘምባችሁ፣ አጭር ነው። ሞላ ሲጠነክር ሾኩም አብሮት መጠንከር አለበት፤ ነገር ግን በእኩል መጠን አይደለም። ግንኙነቱ በስኩዌር ሩት ነው። ሞላውን በ40 በመቶ ብታጠነክሩት፣ ያንኑ ርጋታ ለማግኘት ሾኩ መጨመር ያለበት 18 በመቶ ገደማ ነው። ሞላውን እጥፍ ብታደርጉት እንኳ 41 በመቶ ገደማ ይበቃል። ለመንገድ የሚነዳ መኪና ሞላው ብዙ ጊዜ ወይ የፋብሪካው ነው፣ ወይ ከዚያ ትንሽ ጠንከር ያለ ነው። ይህ ማለት ትክክለኛው መጠን ያለው በጠባብ ክልል ውስጥ ነው ማለት ነው። ከ30 ክሊክ ለመኪናችሁ የሚሆኑት ጥቂቶቹ ናቸው፣ ሌሎቹ በየዓይነቱ የተሳሳቱ ምርጫዎች ናቸው። ጨው በእጃችሁ ስለተሰጣችሁ ብቻ ወጡ አይጣፍጥም።

የሚያሳስበኝ ደግሞ ሰው ሲሳሳት ወደ የት እንደሚሳሳት ነው። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ወደ ጠንካራው በኩል ነው። መኪናው ሲደርቅ “ያዘ” የሚል ስሜት ይሰጣልና። እውነታው ግን ሌላ ነው። ሾኩ ሲዘረጋ የሚይዘው ኃይል ከመጠን ካለፈ፣ ጎማው ወደ ጉድጓድ ሲወርድ ሞላው ቶሎ አይከተለውም። ጉብታዎች ከተከታተሉ ደግሞ ሞላው አንዱን ሳይጨርስ ሌላው ይደርስበታል። መኪናው ቀስ በቀስ ቁጭ እያለ ሄዶ የላስቲክ ማቆሚያው ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ ሞላም ሾክም የላችሁም ማለት ነው። ደረቅ መንገድ ላይ ይህ መንቀጥቀጥ ብቻ ይመስላል። እርጥብ ኩርባ ላይ ግን የኋላው ጎማ ሳያስጠነቅቅ ይለቃል።

ባለሙያዎቹስ ምን መረጡ? ማዝዳ በ1994 ለኤምኤክስ-5 አር ፓኬጅ የተባለውን ጠንከር ያለ አማራጭ ሲያወጣ የገጠመለት የቢልስታይን ሾክ ነበር። ከ2016 ሞዴል ጀምሮም አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ባለ ማንዋል ክለብ ቢልስታይን ይዞ ነው የወጣው። ሁለቱም ማዞሪያ የላቸውም። ክብደቱ ከ1,100 ኪሎ በታች የሆነን መኪና፣ ለመንዳት ደስታ ተብሎ የተሠራን መኪና፣ የሠሩት ሰዎች የሞከሩትን ሞክረው አንድ ቁጥር መርጠው ዘጉት። የማይስተካከል ሾክ ስትገዙ የምትገዙት ያንን ውሳኔ ነው። ቢልስታይን ራሱ ለዚህ ሁለት መስመር አለው፦ ቢ6 ለፋብሪካው ሞላ፣ ቢ8 ደግሞ መኪናውን ዝቅ ለሚያደርግ አጭር ሞላ። ምርጫው ግልጽ ነው፣ ሌሊት ተነስቶ የሚያስቆጥር ክሊክ የለውም።

“ታዲያ ውድ መኪናዎች የሚስተካከል ሾክ ለምን ይገጥማሉ?” የሚል ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። በ2002 በካዲላክ ሴቪል ላይ የመጣው፣ በ2003 ወደ ኮርቬት የተሻገረው የጀነራል ሞተርስ ሾክ በመግነጢስ ኃይል ጥንካሬው የሚለወጥ ፈሳሽ ይጠቀማል። ፖርሽም የራሱ ኤሌክትሮኒክ ሾክ አለው። እነዚህ ግን ክርክሬን አያፈርሱትም። እነሱ ላይ የሚያስተካክለው ሰንሰር የሚያነብ ኮምፒውተር ነው፣ በሰከንድ መቶዎች ጊዜ። አሽከርካሪው የሚጫነው ቁልፍ መሐንዲሶቹ አስቀድመው ካዘጋጁት ጥቂት ስልት አንዱን መምረጫ ነው። ፓርኪንግ ውስጥ ተንበርክኮ በእጅ ከሚዞር ማዞሪያ ጋር ስሙ እንጂ ሥራው አይገናኝም።

አሁን ያ ማዞሪያ የሚገባው ሰው ማን ነው ወዳልኩት ልመለስ። አንደኛ፣ የሚወዳደር ሰው። በአሜሪካው ኤስሲሲኤ የሶሎ ውድድር፣ ስትሪት በሚባለው ምድብ ሞላ መቀየር አይፈቀድም፣ ሾክ መቀየር ግን ይፈቀዳል። ስለዚህ ተወዳዳሪው የመኪናውን ጠባይ የሚገራበት ዋና መሣሪያ ማዞሪያው ይሆናል። ሰዓት ቆጣሪ አለው፣ አስፋልቱ ያው ነው፣ አንድ ክሊክ ሲለውጥ ውጤቱን ያያል። ሁለተኛ፣ ሞላውን ከአንዴ በላይ ለመቀየር እቅድ ያለው ሰው። ሦስተኛ፣ እንደ ኮኒ ቢጫው ሾክ ያለ፣ ሲዘረጋ ያለውን ኃይል ብቻ የሚያስተካክል፣ ስም ያለው ሾክ ገዝቶ፣ አንዴ ከሞላው ጋር አስማምቶ ከዚያ የማይነካው። የማከብረው አማራጭ ይህ ሦስተኛው ነው። እሱም ቢሆን ከተስማማ በኋላ የሚያገለግለው እንደማይስተካከል ሾክ ሆኖ ነው።

የርካሹን ኮይልኦቨር ነገር ሳላነሳ ማለፍ አይሆንልኝም። አራት ሾክ፣ አራት ሞላ፣ ከፍታ ማስተካከያ፣ በዚያ ላይ 30 ክሊክ፣ ሁሉም አንዳንዴ ከአራት ጥሩ ሾኮች ባልበለጠ ዋጋ ይቀርባል። ሻጩ ከየት ቀነሰ? ማየት ከማትችሉት ቦታ ነዋ፦ ከቫልቩ፣ ከዘይት ማገጃው፣ ከሙከራው። የግራው 12ኛ ክሊክ ከቀኙ 12ኛ ክሊክ ጋር እኩል ኃይል ይሰጥ እንደሆነ የሚነግራችሁ የሾክ መለኪያ ማሽን ብቻ ነው። ማዞሪያ ለማሳየት ቀላል ነው፣ ጥሩ ቫልቭ ግን በፎቶ አይታይም።

ያላችሁ የሚስተካከል ከሆነ አትደንግጡ። ከለስላሳው ጀምሩ። ግራና ቀኙን እኩል አድርጉ። የምታውቁትን አንድ ሸካራ መንገድ መርጣችሁ በሕጋዊው ፍጥነት ንዱ፤ መኪናው ከጉብታ በኋላ መወዛወዙን የሚተውበት የመጀመሪያው ክሊክ ላይ ስትደርሱ ቁሙ። ጻፉት፣ ከዚያም እርሱት። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ከማዞሪያው የምታተርፉትን ገንዘብ የላይኛውን መቀመጫ ላስቲክና ማቆሚያውን ለመቀየር፣ አላይመንት ለማሠራት አውሉት። ቢተርፋችሁ ጥሩ ጎማ ግዙበት። ሾክ በጥንድ እንደሚቀየር፣ አንዱን ጎን ብቻ መቀየር መኪናውን አንካሳ እንደሚያደርገው ደግሞ አዲስ አበባ ቪትዝ ለሚነዳውም ቢሆን እኩል ይሠራል።

ምርጫ በበዛ ቁጥር ነጻነት የበዛ ይመስለናል። መለኪያ በሌለበት ግን ምርጫ ግምት ነው። ከግምታችሁ ጋር ደግሞ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው፣ በሌላኛው መስመር የሚመጣው ቤተሰብም አብረው ይጓዛሉ።

ቸር ያሰማን።