ሰማያዊዋ ምልክትና የባሕሪ ሰው

ባሕሪ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ጦርነቱ የጀመረው በቀዳም ስዑር፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በሳምንቱ፣ በኢድ ዕለት፣ ትዊተር ላይ «ሄሜቲ ሞተ» የሚል ዜና ወጣ። ገጹ የፈጥኖ ደራሹን ኃይል ስም ይዟል፣ ሰማያዊ ምልክትም አለው። ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ። ውሸት ነበር። ትዊተር የድሮዎቹን ምልክቶች ያነሳው በዋዜማው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ምልክቷ የከፈለ ሁሉ የሚያገኛት ሆነች።

«ታዲያ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። በዚያ ሰሞን እኮ ሰው ልውጣ ወይስ ልቆይ የሚለውን የሚወስነው በስልክ ወሬ ነበር። ሰውየው ሞተ ብሎ ያመነ፣ ጦርነቱ አለቀ ብሎ ቤቱ ይቀመጣል።

ባሕሪን ከኦምዱርማን የሚያገናኘው የሻምባት ድልድይ ኅዳር 1 ቀን 2016 ሲመታም ሁለቱ ወገኖች «አንተ ነህ፣ አንተ ነህ» ተባባሉ። ፌስቡኩ በዚህ ጭቅጭቅ ተሞላ። ለሚሻገር ሰው ግን ቀዳሚው ጥያቄ መንገድ አለ ወይ ነው።

ክፍል ውስጥ ልጆቹን የማስጠይቀው እንዲህ ነው፦ ማን አለ? መቼ? በዓይኑ አይቶ ነው ወይስ ተልኮለት? አንዷ ተማሪዬ «ቲቸር፣ የላከችልኝ እኮ አክስቴ ናት» አለችኝ። አክስቷ አልዋሸችም። ለእሷም ሌላ ሰው ነው የላከላት።